ያገለገለው ዴል ፒ2419ኤች፦ በአነስተኛ በጀት ለአማርኛ ጽሑፍ የሚሆን ሞኒተር

ቀኑን ሙሉ አማርኛ የሚተይብ፣ የሚያርም ወይም ገጽ የሚያቀናብር ሰው ሞኒተር ሊገዛ ሲነሣ የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ኢንች ነው?» የሆነ እንደሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን የሚያወጣው ለማያስፈልገው ነገር ነው። በመሀል አዲስ አበባ፣ ከሜክሲኮ አንሥቶ በስታዲየም በኩል እስከ ደምበል ድረስ ባሉት የኮምፒውተር መሸጫዎች ሻጩም ገዢውም ወሬ የሚጀምሩት ከስፋቱ ነው፤ ስፋት በዓይን ይታያል፣ ለመደራደርም ይመቻል። በአራት ኪሎ አካባቢ ለሚካሄድ የትየባና የገጽ ቅንብር ሥራ የሚሆን ስክሪን ሳፈላልግ ቆይቼ የወሰድሁት ግን ከተደረደሩት ሁሉ ትልቁም አዲሱም ያልሆነ፣ ያገለገለ ባለ 24 ኢንች ዴል ፒ2419ኤች ነው። ለምን እንደመረጥሁት፣ ከአዲሶቹ ርካሾች ጋር ሲተያይ የት እንደሚበልጥና የት እንደሚያንስ፣ ሲገዛም ምን ምን መታየት እንዳለበት ከዚህ በታች በዝርዝር አቀርባለሁ።

ስለ ዋጋ አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ኤሌክትሮኒክስ ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ ዛሬ የምጽፈው የብር ቁጥር አንባቢው ሱቅ በሚደርስበት ቀን ዋጋ ቢስ ሊሆን ይችላል። የማይለዋወጠው ንጽጽሩ ነው። ስዞር እንዳስተዋልሁት፣ ያገለገለ ባለ 24 ኢንች የቢሮ ሞኒተር የሚጠራበት ዋጋ ከአዲስ ባለ 22 ኢንች ርካሽ ሞኒተር ጋር ተቀራራቢ ወይም ዝቅ ያለ ነው፤ አዲስ ባለ 27 ኢንች ደግሞ ከሁለቱም በጉልህ ይበልጣል። እንግዲህ ምርጫው የሚደረገው በእነዚህ ሦስቱ መካከል ነው።

የአማርኛ ፊደል በስክሪን ላይ የሚፈትነው ነገር የላቲን ፊደል ከሚፈትነው ይለያል። «ቡ» እና «ቢ»ን የሚለያቸው አንዲት አጭር ጭረት ከእግሩ ወገብ ላይ ወይም ከእግሩ ሥር መውጣቷ ብቻ ነው፤ «ሲ» እና «ሴ»ን የሚለያቸው ደግሞ ያችው ጭረት ቀለበት መሆኗ ነው። ዊንዶውስ በ100 በመቶ መጠን ሲሠራ 12 ፖይንት የሆነ ፊደል የሚደርሰው ከፍታ 16 ነጥብ (ፒክስል) ብቻ ሲሆን፣ ከዚያም ላይ ከፊደሉ በላይና በታች ያለው ክፍት ቦታ ይቀነሳል። ያች ቀለበት የምትሠራው በሁለት ወይም በሦስት ነጥብ ነው ማለት ነው። ነጥቦቹ ትልልቅ ሲሆኑ ወይም ጠርዛቸው ሲደበዝዝ ቀለበቷ ጭረት ትመስላለች፤ አራሚው «ሴት» የሚለውን «ሲት» ተብሎ ተጽፎ ሳያየው ያልፋል። ኒያላን በመሰለ፣ በዚያው ፖይንት ከሌሎቹ አንሶ በሚታይ ፊደል ለሚሠራ ሰው ችግሩ ይብሳል። ስለዚህ በእኔ ሚዛን ሞኒተር የሚለካው በፊልም ድምቀት ሳይሆን አንድ ሙሉ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ ተከፍቶበት ከወትሮው የመቀመጫ ርቀት ሲነበብ ነው።

ከዚህ ማዕዘን ሲታይ ባለ 27 ኢንቹ ቀድሞ ይወድቃል። በየሱቁ ፊት ለፊት የሚቀመጠው፣ ብዙ ጊዜም ጎበጥ ያለው ርካሽ 27 ኢንች የሚያሳየው 1920 በ1080 ነጥብ ነው፤ ይህም በጠቅላላው 2,073,600 ነጥብ ሲሆን ባለ 24 ኢንቹም ሆነ ባለ 22 ኢንቹ የሚያሳዩት ያንኑ ያህል ነው። ለምሳሌ ሳምሰንግ ሲ27ኤፍ390 በዚህ ክፍል የታወቀ ሞዴል ነው። ስፋቱ ሲጨምር የተጨመረ ነጥብ የለም፤ ያሉት ነጥቦች ተለጠጡ እንጂ። በአንድ ኢንች ውስጥ የሚያርፉት በ27 ኢንቹ 82 ያህል፣ በ24ቱ 93 ያህል፣ በ22ቱ 102 ያህል ናቸው። 27 ኢንች ለጽሑፍ ትርጉም የሚኖረው 2560 በ1440 ሲሆን፣ ያኔ በኢንች 109 ያህል ነጥብ ይደርሳል፤ ግን ያ ከአነስተኛ በጀት ውጪ ነው። ከሩቅ ሆኖ ፊልም ለሚያይ፣ ወይም ዓይኑ ደክሞ ፊደሉ ገዝፎ እንዲታይለት ለሚፈልግ ሰው 1080ው 27 ኢንች ጥፋት የለበትም። ለማረሚያ ግን አልመርጠውም።

በነጥብ ጥግግት ብቻ ከሄድን አሸናፊው ባለ 22 ኢንቹ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። በተግባር ግን በእርሱ ላይ ፊደሉ እያነሰ ስለሚታይ ሰው ወይ ወደ ስክሪኑ ይጎነበሳል፣ ወይ ገጹን ያጎላል። ሲያጎላው ደግሞ ሁለት ገጽ ጎን ለጎን የማየት ዕድሉን ያጣል። የዚህ ክፍል አዲስ ዕቃ ሆኖ የሚቀርበው አንዱ ዴል ኢ2222ኤች ነው። ፓኔሉ፣ ማለት ምስሉን የሚያሳየው የስክሪኑ አካል፣ ቪኤ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ጥቁሩ ጥልቅ ነው፣ እግሩ ግን ከማጋደል ያለፈ እንቅስቃሴ የለውም። ከሁሉ ይልቅ ገዢው ልብ ሊለው የሚገባው መሰኪያው ነው፤ ቪጂኤ እና ዲስፕሌይፖርት አለው፣ ኤችዲኤምአይ የለውም። አብዛኛው ሰው የሚይዘው ላፕቶፕ ደግሞ ያለው ኤችዲኤምአይ ነው። «ችግር የለም፣ ኬብሉ ይገኛል» ይባላል፤ ነገር ግን በገበያው የሚገኘው ርካሹ ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚሄድ ኬብል የሚሠራው ዲስፕሌይፖርቱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ኤችዲኤምአዩ ሞኒተሩ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። በተገላቢጦሽ ሲሰካ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል፤ ምልክቱን የሚለውጥ ራሱን የቻለ መቀየሪያ ያስፈልገዋል፣ እርሱም ተጨማሪ ወጪ ነው። በቪጂኤ መጠቀም ይቻላል ይባል ይሆናል። ቪጂኤ በ1987 እ.ኤ.አ. የመጣ፣ ምስሉን በአናሎግ ምልክት የሚያስተላልፍ ሥርዓት በመሆኑ፣ በተለይ ኬብሉ ቀጭንና ረጅም ከሆነ፣ የፊደሉን ጠርዝ ያደበዝዘዋል። ለቀለበቷና ለጭረቷ ስንል ስክሪን ከመረጥን በኋላ በቪጂኤ ማገናኘት ልፋቱን ከንቱ ያደርገዋል። ስሙ በአንድ ፊደል የሚበልጠው ኢ2222ኤችኤስ ኤችዲኤምአይ ስላለው፣ ከእነዚህ አንዱን የሚገዛ ሰው የመጨረሻዋን ፊደል ደግሞ ደጋግሞ ያንብብ።

ስለ ፓኔል ዓይነት ብዙ አልልም። ቲኤን ከጎን ወይም ከታች ሲታይ ቀለሙ ስለሚገለበጥ፣ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ እያነበበ ሌላው እያመሳከረ በሚያርሙበት ቢሮ አይሆንም። ቪኤ ጥቁሩ ቢያምርም ከጎን ሲታይ ይገረጣል። አይፒኤስ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ጉድለቱ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ማድላቱ ነው፣ ይህም ነጭ ገጽ ላይ ለሚሠራ ሰው ምንም አይደለም።

ወደ ዴል ፒ2419ኤች ልመለስ። በ2018 እ.ኤ.አ. ለቢሮዎች ተብሎ የወጣ፣ አይፒኤስ ፓኔል ያለው፣ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ሲለካ 23.8 ኢንች የሆነ፣ 1920 በ1080 ነጥብ፣ በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ስክሪን ነው። ኤችዲኤምአይ፣ ዲስፕሌይፖርትና ቪጂኤ ሦስቱም አሉት፤ ፍላሽና ማውዝ የሚሰካባቸው የዩኤስቢ መሰኪያዎችም አሉት። ከሁሉ በላይ የምወድለት እግሩን ነው። ከፍ ዝቅ ይላል፣ ወደ ግራና ቀኝ ይዞራል፣ ሙሉ በሙሉም ተገልብጦ ቁመቱ ወርድ፣ ወርዱ ቁመት ይሆናል። የስክሪኑ ወርድ 527 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 296 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ኤ4 ወረቀት ደግሞ 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ አጋጣሚ ለገጽ አቀናባሪ ትልቅ ነገር ነው፦ ሁለት ኤ4 ገጾች ጎን ለጎን 420 ሚሊ ሜትር ስለሚወስዱ በወርዱ ውስጥ ገብተው ቦታ ይተርፋል፣ በቁመቱ ግን የፕሮግራሙ ሜኑ ስለሚሻማ ከእውነተኛ መጠናቸው ትንሽ አንሰው ይታያሉ። ስክሪኑ ሲቆም ደግሞ አንድ ገጽ ከወረቀቱ ጎልቶ፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ ሳይንከባለል ይነበባል። ለረጅም ሰነድ እርማት ከዚህ የሚሻል አቀማመጥ በዚህ ገንዘብ አላገኘሁም። ኢ2222ኤች ከፍ ዝቅ ስለማይል ብዙ ቢሮ ውስጥ በወረቀት ደስታ ላይ ተደላድሎ ይታያል፤ መፍትሔ ነው፣ ግን የአንገት ሕመም የሚጀምረው ደስታው ለሌላ ሥራ የተፈለገ ዕለት ነው።

ጉድለቶቹንም ልናገር። ድምፅ ማጉያ የለውም፤ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ እየሰማ የሚተይብ ሰው ይህን በላፕቶፑ ወይም በማዳመጫ መሸፈን አለበት። ብርሃኑ በአዲስነቱ 250 ኒት የሚባለው መጠን ነው፣ ያገለገለው ደግሞ ከዚያ መቀነሱ አይቀርም። የገጹ ሽፋን ብርሃን የማያንጸባርቅ ስለሆነ ተራ የቢሮ ብርሃን አያስቸግረውም፤ የአዲስ አበባ የጥቅምትና የኅዳር ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት መስኮት ፊት ለፊት ከተቀመጠ ግን ይሸነፋል፣ ስለዚህ መስኮቱ ከጎኑ እንዲሆን ጠረጴዛውን ማዞር ያስፈልጋል። ጌም ለሚጫወት ሰው 60 ጊዜ መታደሱ ያንስበታል፤ ከአዲሶቹ ርካሾች 75 ወይም 100 የሚደርሱ አሉና ወደ እነርሱ ይሂድ።

አሁን ያገለገለ ዕቃ ወደ መግዛቱ እንምጣ፤ ምክንያቱም የሞዴሉ መልካምነት የአንዱን ዕቃ መልካምነት አያረጋግጥም። «ጋሼ፣ ይሄ ስላይትሊ ዩዝድ ነው፣ ከዱባይ የገባ፣ ምንም አይልም» የሚለው ንግግር በየሱቁ ይሰማል፤ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ማረጋገጫው ግን ከጀርባው በተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው። በዚያ ላይ የተመረተበት ወርና ዓመት ተጽፏል። ከአንድ መደርደሪያ ላይ የተነሡ ሁለት ተመሳሳይ ሞዴሎች በዓመታት ሊበላለጡ ስለሚችሉ፣ በተመሳሳይ ዋጋ የኋለኛውን መምረጥ ነው። ሻጮች ይህን ሲጠየቁ አብዛኞቹ ቅር አይላቸውም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ገዢው ነገሩን እንደሚያውቅ ሲረዱ ከውስጥ የተሻለውን ያመጣሉ።

ሁለተኛው ነገር የራስን ላፕቶፕና የራስን ኤችዲኤምአይ ኬብል ይዞ መሄድ ነው። በሱቁ ኮምፒውተር ላይ የሚከፈተው ሁልጊዜ ያሸበረቀ ቪዲዮ ነው፤ ተራራ፣ ፏፏቴ፣ ቀለም ያለበት ዓሣ። በእንዲህ ያለ ምስል ላይ ጉድለት አይታይም። መታየት ያለበት ባዶ ነጭ፣ ባዶ ግራጫና ባዶ ጥቁር ገጽ ነው። በነጩ ላይ ጠርዙ ወደ ቢጫ ያደላ እንደሆነ፣ በግራጫው ላይ ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ የቆየ የሜኑ ወይም የታስክባር ጥላ የቀረ እንደሆነ፣ በጥቁሩ ላይ ከማዕዘን ብርሃን የሚያፈስስ ወይም ሳይጠፋ የሚያበራ ነጥብ ያለ እንደሆነ ይታያል። የባንክና የጥሪ ማዕከል ሞኒተሮች ቀኑን ሙሉ አንድ ገጽ ሲያሳዩ ስለሚኖሩ የሜኑ ጥላው በእነርሱ ላይ የተለመደ ነው። ዴል ሞኒተሮቹ ውስጥ ራሱን የቻለ መፈተሻ አስቀምጧል፤ የምስል ኬብሉ ተነቅሎ ከሞኒተሩ ቁልፎች የመጀመሪያው ለጥቂት ሴኮንዶች ተጭኖ ሲቆይ ስክሪኑ ግራጫ ይሆናል፤ ቁልፉ እንደገና በተጫነ ቁጥር ደግሞ በየተራ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ላፕቶፕ ያልያዘ ሰው በዚህ ይጠቀም። ከዚህ በኋላ የራስን የአማርኛ ሰነድ በ10 ፖይንት ከፍቶ ከአራቱም ማዕዘን ማንበብ ነው፤ አንዱ ጥግ ላይ ፊደሉ ከሌላው ከደበዘዘ ፓኔሉ ተጭኖ ወይም ወድቆ ሊሆን ይችላል።

ብርሃኑን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ወደ መጨረሻው ከፍ አድርጎ፣ ከአጠገቡ ካለው ጋር አነጻጽሮ ማየት ይበቃል። በከፍተኛው መጠን ላይ ሆኖ ገና የደከመ የሚመስል ስክሪን ከዚያ በኋላ የሚሄድበት ቦታ የለውም። እግሩንም ማየት አይረሳ። አንዳንዱ ያገለገለ ሞኒተር የሚሸጠው የራሱ ባልሆነ እግር ላይ ተቀምጦ ነው፤ ያ ከሆነ ከላይ ያመሰገንሁት ከፍ ዝቅ ማለትና መገልበጥ የለም፣ ዋጋውም ሊቀንስ ይገባል። በጀርባው ያሉት 100 በ100 ሚሊ ሜትር የተራራቁ አራት ብሎን መግቢያዎች ደኅና ከሆኑ ግን በግድግዳ ወይም በጠረጴዛ ማንጠልጠያ መጠቀም ስለሚቻል ነገሩ ተስፋ አይቆርጥበትም።

ይህ ሞዴል ካልተገኘ ተተኪ አለ። ፒ2417ኤች የእርሱ ታላቅ ነው፣ በአገልግሎት ብዙም አይለይም። ኤችፒ ኤሊትዲስፕሌይ ኢ243 በፓኔሉም በእግሩም የሚመጣጠን ነው፤ የቱ ይሻላል ብሎ ከመከራከር የትኛው ያነሰ ሠርቷል ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። ዴል ዩ2412ኤም የሚባለው በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ሆኖ 1920 በ1200 ነጥብ ስላለው ቁመቱ ለገጽ ሥራ እጅግ ይስማማል፤ ነገር ግን ዕድሜው ገፍቷል፣ ኤችዲኤምአይም የለውም። ወደድሁት፣ ግን አልወሰድሁትም።

የደረሰኝ ጉዳይ ምርጫውን ሊለውጠው ይችላል። ለድርጅት የሚገዛ ሰው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የተካተተበት ሕጋዊ ደረሰኝ ካላቀረበ ሒሳቡ አይወራረድለትም፤ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት ቦታ ደግሞ የሚጠራው ዋጋ ብዙ ጊዜ ያለ ደረሰኝ የሆነ ነው። በደረሰኝ ሲሆን ምን ያህል እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ርካሽ የመሰለው ከአዲሱ ጋር እኩል ይሆናል። እንዲህ ላለው ገዢ አዲሱን ኢ2222ኤችኤስ ከነዋስትናው መግዛት የሚሻልበት ጊዜ አለ። የግል ገዢ ደግሞ ያገለገለውን ሲወስድ ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት የመለወጥ መብት በጽሑፍ ማግኘት አለበት፤ የሞዴሉና የሴሪያል ቁጥሩ በዚያው ወረቀት ላይ ይስፈር፣ በቃል የተሰጠ ዋስትና ሱቁ ሰው ሲቀይር አብሮ ይጠፋልና።

ከዋጋው የተረፈው ገንዘብ የሚሄደው ወደ መብራት ጥበቃ ነው። ሞኒተሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ከአሜሪካም ከአውሮፓም የመጣው በእኛ 220 ቮልት ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል፤ የኃይል ገመዱም ተራ የኮምፒውተር ገመድ ነው። ከዱባይ የመጣው ባለ ሦስት አራት ማዕዘን ጥርስ ሶኬት ይዞ ስለሚመጣ፣ ላላ ባለ መለወጫ ከመሰካት ገመዱን መቀየር ይሻላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል የሞኒተሩን የውስጥ ፓወር ሰፕላይ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ዲቫይደሩ ላይ ከመተማመን አነስተኛ ዩፒኤስ መግዛት፣ ካልተቻለም መብራት ሲጠፋ ከሶኬቱ ነቅሎ ከተመለሰ ጥቂት ደቂቃ በኋላ መሰካት ያስፈልጋል።

ቤት ወይም ቢሮ ከገባ በኋላ የሚቀሩት ማስተካከያዎች ጥቂት ናቸው። ብርሃኑ ከነጭ ወረቀት ጋር እስኪመሳሰል ድረስ ዝቅ ይደረግ፤ ዊንዶውስ ነጥቡን በራሱ 1920 በ1080 ካላደረገው በእጅ ይስተካከል፣ ከዚህ ውጪ በሆነ መጠን ፊደል ሁሉ ይደበዝዛል። ከዚያ ክሊርታይፕ የሚባለው የዊንዶውስ ማስተካከያ ተከፍቶ ጥርት ብሎ የሚነበበው ናሙና ይመረጥ። ስክሪኑን አቁሞ የሚሠራ ሰው በፊደሉ ጠርዝ ላይ ቀላል የቀለም ጥላ ሊያይ ይችላል፤ ምክንያቱም ክሊርታይፕ የተሠራው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጥቦች ጎን ለጎን ለተደረደሩበት አቀማመጥ ነው፣ ስክሪኑ ሲቆም ግን አንዱ በሌላው ላይ ይሆናሉ። ጥላው የሚረብሸው ከሆነ በዚያው ማስተካከያ ክሊርታይፕን ያጥፋው።